ትልቁ ላዝሀር

ላዝሀርን ሳላውቀው ህዋሶቹን አውቃቸው ነበር። ቱኒስ ተመልሼ ቤተ ሙከራው ውስጥ ስቀጠር መጀመሪያ የተረከብኩት እነሱን ነው። ከአንድ የደቡብ ቱኒዚያ ሕፃን ግራ ክንድ ላይ ከተቆረጠች፣ የምስር ፍሬ ከምታህል ቆዳ የተገኙ ናቸው፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ተኝተዋል። አሞቅኳቸው፤ ነቁ፤ መባዛት ጀመሩ። ጠዋት ማሞቂያ ሳጥኑን ስከፍት "ደህና አደርክ ላዝሀር" ማለት ለመድኩ። ስዊድን፣ ጎተንበርግ ስማር ከህዋስ ጋር የሚያወራ ሰው አላየሁም። እዚያ ሰዉ ክረምቱን ሙሉ የሚያወራው ስለ ፀሐይ ነው፤ ብቅ ያለች ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁሉም ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። እኔም አብሬ እቆም ነበር። ከዚያ ተመልሼ መጣሁና ፀሐይ ስለምትገድላቸው ልጆች ማጥናት ጀመርኩ።

ፀሐይ የሁላችንንም ቆዳ ትጎዳለች። ዘረመላችን የተጻፈባቸውን ፊደላት፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን፣ ታጣብቃቸዋለች። ጤነኛ ህዋስ የተጣበቀውን ቆርጦ ያወጣና በአዲስ ይተካዋል፤ እኛ ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ነው። የላዝሀር ህዋሶች ግን መቁረጫውን መሥራት አይችሉም። የመሥሪያው ትእዛዝ መሐል፣ መሆን በሌለበት ቦታ፣ "አቁም" የሚል ምልክት ገብቶበታል፤ ህዋሱም እዚያ ሲደርስ ያቆማል። እንዲህ ያሉትን ልጆች የጨረቃ ልጆች ይሏቸዋል። ቀን አይወጡም።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሀይከል ህዋሱ ያንን ምልክት አልፎ እንዲያነብ የሚያደርግ መድኃኒት ሲፈልግ ኖሯል። ያገኘውም በላዝሀር ህዋሶች ላይ ነው። የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚሰጥ አልትራቫዮሌት አምፖል ሥር አድርገን እናቃጥላቸዋለን፤ ለግማሾቹ መድኃኒቱን እንሰጣለን፤ ስንቶቹ ራሳቸውን እንደጠገኑ እናያለን። መድኃኒቱ በቅባት መልክ በሰው ቆዳ ላይ የሚሞከርበት ጊዜ ሲደርስ የመጀመሪያው ታማሚ ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ላዝሀር ነው። ከመጀመራችን በፊት ግን አዲስ ደምና አዲስ ቆዳ ያስፈልገን ነበር፤ ስለዚህ አስጠራነው።

ከእናቱ ከማህቡባ ጋር ከቀቢሊ ከተማ ባሻገር ካለ የተምር መንደር መጣ። መጋረጃውን ዘግተን፣ መብራቱን ቀንሰን ጠበቅናቸው። ልጁ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ፊቱን በሙሉ የሚሸፍን ጥቁር መስታወት ያለው ኮፍያ አድርጎ ነበር። ሲያወልቀው ቆዳው እንደ ጨቅላ ሕፃን ነው። አንዲት ጠቃጠቆ የለበትም። ሐኪሞቹ ሁሉ ስለ ማህቡባ ያወራሉ፤ በታማሚ ልጆች ቤተሰቦች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሌሎቹ እናቶች ፊት ያቆሟትና ልጅ እንዲህ ነው የሚጠበቀው ይላሉ። ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለሚያየው ግን ስምንት ቢሆነው ነው። በሽታው እድገቱን ይዞታል ተብሎ ተጽፏል።

"እዚህ እኔን የምታሳድጊው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"እርስዎ በል" አለች እናቱ።

ሳቅሁና አጉሊ መነጽሩ ፊት አስቀመጥኩት። "ያው፣ አንተ ነህ" አልኩት። ዓይኑን ለጥፎ ለረጅም ጊዜ አየ።

"ያመዋል?"

"ማንን?"

"እሱን።"

"አያመውም" አልኩት። እናቱ ሻርቧን እያስተካከለች "እንሂድ፣ መኪናው ያመልጠናል" አለች።

ያን ቀን ከቀኝ ክንዱ የወሰድናቸውን አዲሶቹን ህዋሶች አሳድጌ አምፖሉ ሥር አስገባኋቸው። መድኃኒት የተሰጣቸው ዳኑ። ያልተሰጣቸውም ዳኑ።

"ያልተሰጣቸው ለምን ይድናሉ?" አለ ሀይከል።

"አላውቅም።"

"ስዊድን ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ጣትሽን ሳህን ውስጥ ነክረሽ የራስሽን ህዋስ መቀላቀል ነው?"

"የእኔ አይደሉም፤ አይቻለሁ፣ የወንድ ህዋሶች ናቸው።"

"እንግዲያው እዚያ ሀገር ጢም አብቅለሻል።"

"ወይ ደግሞ ያንተ ናቸው። እጁን ሳይታጠብ የሚገባው ማነው?"

ሳቀ፤ ግን እጅጌውን ሰብስቦ ደም ሰጠኝ። የሱም አልነበሩም። ሥራውን ከመጀመሪያው ደገምኩ፤ ከዚያም ሌላ ሰው እንዲደግመው ሰጠሁ። በመጨረሻ ዘረመሉን ፊደል በፊደል አስነበብነው። ከቆዳው የወጣውም ከደሙ የወጣውም አንድ ነገር ተናገሩ። ሰው እያንዳንዱን ትእዛዝ በሁለት ቅጂ ነው የሚይዘው፣ አንዱን ከእናቱ አንዱን ከአባቱ። የዚህ ልጅ አንዱ ቅጂ ምልክቱ አለበት፤ ሌላው ንጹሕ ነው። አንድ ንጹሕ ቅጂ ያለው ሰው በዚህ በሽታ አይታመምም። በማቀዝቀዣ ከኖሩት ህዋሶች ጋር ሳስተያያቸው ደግሞ የአንድ ሰው አልነበሩም። የሁለት ወንድማማቾች ነበሩ።

ሀይከል ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። "ወንድም አለው?"

"እኛ የምናውቀው የለውም።"

"ለእናቱ ደውዪላታ።"

"ደውዬ ምን ልበላት? ልጅሽን በከንቱ ነው ጨለማ ውስጥ ያሳደግሽው ልበላት? በስልክ?"

"አንቺ ያልሽው እውነት ከሆነ ነው።"

"እውነት ከሆነ" አልኩ። እሱ ለመድኃኒቱ ሌላ ልጅ ያገኛል። እኔ ያሰብኩት ግን ልጁን ነበር፤ ልክ ከሆንኩና ዝም ካልኩ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ያድጋል፤ ተሳስቼ ከተናገርኩ ደግሞ እኔ በቃሌ ወደ ፀሐይ አወጣዋለሁ። ሉዋዥ የሚሉትን የጋራ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ደቡብ ወረድኩ።

ቤታቸው ከሩቅ ይለያል። መስኮቶቹ ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል፤ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። እኩለ ቀን አልፏል፤ ውጭ ዓይን አያስገልጥም። ብርድ ልብሱን ገልጬ ስገባ ለአፍታ ምንም አላየሁም። ቀስ በቀስ አንዲት ቢጫ አምፖል፣ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ በደረቱ የተኛ ላዝሀር ታዩኝ። የጠርሙስ ክዳኖችን እንደ ኳስ ተጫዋቾች ደርድሮ ያጋጥማል።

ማህቡባ በሽንኩርትና በሞራ የተሞላ ትኩስ ዳቦ አቀረበች። ባሏ መስዑድ ሊቢያ የጭነት መኪና ይዞ ሄዷል። ቀዩን ሻይ ከፍ አድርጋ መቅዳት ጀመረች።

"የላዝሀር እናት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ይጠይቁ ዶክተር። መድኃኒቱ ቀረ እንዴ?"

"ከላዝሀር ሌላ ልጅ ወልደው ያውቃሉ?"

መቅዳቷን አላቆመችም። ብርጭቆው ሞልቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ።

"ትልቁ ላዝሀር አለ" አለ ልጁ፣ ከክዳኖቹ ቀና ሳይል።

"አንተ ዝም በል።"

"የለም ታዲያ?"

"ሞቷል። የሞተ ሰው አለ አይባልም።"

"አለ እንጂ። እሷ ጋ ነው ያለው።" በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "በመነጽር አይቼዋለሁ። ያኔ የተቆረጠው እሱ ነው፤ እኔን ገና አሁን ነው የወጉኝ።"

እጅጌውን ሰብስቦ ግራ ክንዱን አሳየኝ። ሕፃን ሆኖ ከተቆረጠ ጠባሳ መኖር ነበረበት። ምንም የለም። ያንን ክንድ ስንት ሐኪም ይዞት ያውቃል። እኔም ይዤዋለሁ።

ማህቡባ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። "ተው፣ ይሁን። ልንገርዎት።" በሻርቧ ጫፍ የፈሰሰውን ሻይ እያበሰች ተናገረች። "ቆዳውን የወሰዱት ከትልቁ ነው። ከቱኒስ ሐኪሞች መጡ፤ ፊቱ ላይ ያለውን ነጠብጣብ አይተው ከክንዱ ቆረጡና ውጤቱን እንልካለን ብለው ሄዱ። እኛ እስኪመጣ ሥራ እንፈታለን? የተምር ለቀማ ደረሰ። ዛፍ ሥር፣ ጥላ ላይ አስቀመጥኩት። እለቅማለሁ፣ ከሴቶቹ ጋር አወራለሁ። ጥላው ዞረ። ጥላ እንደሚዞር እኔ አጣሁት? ሲያለቅስ ነው ያየሁት። ቆዳው ተነሳ፣ ትኩሳት መጣ፣ ሳምንት አልቆየም።"

"ይሄኛውስ?"

"ይሄኛው ሆዴ ውስጥ ነበር። ሲወለድ ስሙን ሰጠነው። እኛ ጋ እንዲህ ነው፣ የልጅ ስም ከቤት አይወጣም። መስዑድ ደግሞ፣ የሞተውን ለማሰረዝ አንድ ቀን፣ የተወለደውን ለማስመዝገብ ሌላ ቀን ማዘጋጃ ቤት ልመላለስ ወይ፣ የላዝሀር ወረቀት አለ አይደል አለ። ይሄኛው መዳህ ሲጀምር የእናንተ መልእክት መጣ። ላዝሀር ፀሐይ ማየት የለበትም ይላል። እኔ ያኔ ስንት ላዝሀር ነበረኝ? ይዤው ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከፀሐይ ጠብቂው አለኝ። ልጅሽን ጠብቂ ከሚለኝ ሰው ጋር ልከራከር? እኔ የጠየቀኝን አልዋሸሁም። ማንም አልጠየቀኝም። ይኸው አንቺ ጠየቅሽኝ።"

"እርስዎ" ማለቱን ትታ ነበር። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም።

"ይሄኛው ጤነኛ ነው" አልኳት።

"ማነው ያለው?"

"ደሙ። ቆዳውም።"

"ያኔም ቆዳው ነው ብላችሁኝ ነበር። ያኔም እርግጠኛ ነበራችሁ።"

"ያኔም ልክ ነበርን። ስለ ትልቁ ነበር።"

"ማይልኝ።"

"ምርመራው እንደሚያመለክተው" ማለት ነው የተማርኩት። ደግሜዋለሁ፣ ሌላ ሰውም ደግሞታል አልኳት።

"መድገሙን ተዪው። ማይ ነው ያልኩሽ።"

"ወላሂ።"

"እሱንማ ታክሲ ነጂውም ይለዋል። እናትሽ አለች?"

"አለች።"

"በእናትሽ ጭንቅላት ማይ።"

ማልኩ። አፌ ሲምል አእምሮዬ ቱኒስ ነበር፤ መደርደሪያው ፊት ቆሜ እያንዳንዱን ብልቃጥ እያነሳሁ የተጻፈበትን እንደገና አነብ ነበር። ልጁ ክዳኖቹን ትቶ ሁለታችንንም ያያል።

"ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጨለማ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ" አለች።

"እኛ ነን።"

"እናንተ ሩቅ ናችሁ። ብርድ ልብሱን የምሰቅለው እኔ ነኝ።" ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረገች፣ እንደ አዲስ እንግዳ። "ብዪ።" ትንሽ ቆይታም፣ "ትልቁ እናንተ ጋ ምን ይበላል?"

እንደዚህ ተጠይቄ አላውቅም። "ስኳር። ጨው። ከጥጃ ደም የሚወጣ ፈሳሽ።"

"ጥጃው በአግባቡ የታረደ ነው?"

"አላውቅም።"

"ይበርደዋል?"

"አይበርደውም። የሰው ገላ ያህል ይሞቃል።"

"ፀሐይ አያገኘውም?"

"ሳጥኑ ጨለማ ነው።"

"ደግ" አለች። "መድኃኒቱንስ እንዴት ነው የሞከራችሁበት?"

መዋሸት እችል ነበር። ስለ አምፖሉ ነገርኳት። የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ ትሪው ላይ አስቀመጠች፣ የሚሰበር ነገር እንደሚያስቀምጥ ሰው። ተነስታ በሩ አጠገብ ከተሰቀሉት ልብሶች ውስጥ የልጁን ኮት አወረደች።

"ጫማህን አድርግ።"

"መሸ?" አለ ላዝሀር።

"አልመሸም።"

"ኮፍያዬስ?"

"እሱንም አድርግ።"

መቃብሩ ከመንደሩ ጀርባ፣ ተምሮቹ አልቀው አሸዋው በሚጀምርበት ቦታ ነው። መንገዱን ሙሉ ማህቡባ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ልጇ ላይ ይዛ ሄደች፤ እኔ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳቸው። አንድ በር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ልጁን በቀን ሲያየው ብድግ አለ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ቤቱ ገባ።

መቃብሩ ትንሽ ነው፣ በኖራ የተቀባ። ስም የለውም። ማህቡባ ዓይኔን ተከትላ "የምን ስም እንጽፋለን?" አለች። "እንጀራውን የሚበላ፣ ቤት የተቀመጠ ልጅ ስም መቃብር ላይ ይጻፋል?" ጃንጥላውን በትከሻዋና በአንገቷ መሐል ይዛ ከጠርሙስ ውኃ እያፈሰሰች ኖራውን በመዳፏ አራሰችው፤ ውኃው ወዲያው ደረቀ።

"ላዝሀር" አለች፣ ዝቅ ብላ።

"አቤት" አለ ልጁ።

"አንተን አይደለም።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ወደ መሬቱ ተደፍታ ስለነበር አልሰማሁትም፤ ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስላለች። ቀና ስትል "አንድ እጅህን" አለችው።

ላዝሀር ጓንቱን በሌላው እጁ ስቦ አወለቀ። ነጩን እጁን ከጃንጥላው ጥላ ጫፍ አወጣና መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ያዘው፣ ዝናብ እንደሚቀበል ሰው። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ያንን እጅ እየጠበቅሁ ሳለ አንዱም አልረዳኝም፤ ቆዳው ሲቀላ ይታየኝ ጀመር፣ ስጨፍንና ስገልጥ ግን አልቀላም። የማልኩባት እናቴ አሁን ቱኒስ ምን እያደረገች ይሆን ብዬም አሰብኩ።

"ምን ይሰማሃል?" አለች ማህቡባ።

"ይሞቃል።"

"ያቃጥላል?"

"አያቃጥልም። ይሞቃል።" ጣቶቹን አጥፎ ዘረጋ። "ይሄ ነው የገደለው?"

"ይሄ ነው።"

"ይሄ ብቻ?"

ኮፍያውን ራሱ አወለቀው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ ቆመ፣ ልክ እንደ ጎተንበርግ ሰዎች፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም። "ይብቃህ፣ ቀስ በቀስ ነው" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ማህቡባ ግን ጃንጥላውን አንስታ ከላዩ ላይ ወሰደችው። የምትዘጋው መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ተከፍቶ እንዳለ፣ ትንሹ መቃብር ላይ አስቀመጠችው። ንፋስ እንዳይወስደው እጀታውን በድንጋይ አጣብቃ፣ ጥላው ኖራውን ከራስጌ እስከ ግርጌ መሸፈኑን ዞራ አየች። አንዱ ጠርዝ ስላልሸፈነላት እንደገና አስተካከለችው።

ስንመለስ ልጁ ኮፍያውን በብብቱ ይዞ ቀድሞን ይሄዳል። ኮቱን እስከ ራሱ ድረስ ስባ ሸፍናዋለች፤ እሱ ደግሞ በየጥቂቱ ይገልጠዋል። ከኋላችን ጥቁሩ ጃንጥላ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል።

"መድኃኒቱ ለሌሎቹ ልጆች ይሆናል?" አለችኝ።

"ሊሆን ይችላል።"

"አዎ ወይም አይ የምትይበት ነገር የለሽም አንቺ?"

"የለኝም።"

ትንሽ ሄደች። "ትልቁን ሥሩበት እንግዲህ። ግን አምፖሉን ከማብራትሽ በፊት ስሙን ጥሪው። ሳያውቅ ድንገት አይምጣበት።"

ለመድኃኒቱ ከማህዲያ የመጣች አንዲት ሴት ልጅ ተመረጠች፤ ገና በመጀመር ላይ ነን፤ ይሠራ አይሠራ አላውቅም። ማህቡባ አርብ አርብ ትደውላለች። ከመስኮቶቹ የአንዱን ላስቲክ ብቻ አንስታለች፤ የሌሎቹን ገና። አንድ ቀን አፍንጫው ተላጠ አለችኝ፤ ኳስ ሲጫወት ውሎ ነው፤ ማንኛውም ልጅ ይላጣል አልኳትና ስልኩን ዘግቼ ምርመራውን እንደገና ከመጀመሪያው ሠራሁት። ውጤቱ ያው ነው። ሀይከል ምን እንደማደርግ አይቶ አልቀለደብኝም።

ጠዋት ማሞቂያ ሳጥኑን ስከፍት ደህና አደርክ ማለት ትቻለሁ። ሳህኖቹን አውጥቼ አምፖሉ ሥር አስቀምጣለሁ፤ የጨረር መከላከያውን አወርዳለሁ፤ ጣቴን ማብሪያው ላይ አድርጌ "ላዝሀር" እላለሁ። ከዚያ አንድ ሰው አቤት ብሎ እስኪመልስ የሚበቃ ያህል እጠብቃለሁ።

ከዚያ አበራለሁ።